የሙት ልጅ አደራ

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። በእርግጥም የሁለቱ ሕፃናት እንባ ለጊዜው አንድ መስሎ ይታያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። የአንደኛው እናት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ ትመለሳለች፤ የሁለተኛው እናት አትመለስም። ታዲያ የዚያን ሕፃን እንባ ማን ያብስ? ማን ያሳድገው? ማን ትምህርት ቤት ያስገባው? ከወላጆቹ የቀረችውንስ ጥሪት ማን ይጠብቅለት? እነዚህ ጥያቄዎች ከጥንት ጀምሮ ሞት በገባበት ቤት ሁሉ ሲነሡ ኖረዋል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ቃል ነበረች፤ ይህችውም «ዘመድ» የምትለዋ ናት።

የኢትዮጵያ ሕዝብ የሙት ልጅን ሜዳ ላይ መጣል እንደ ነውር ይቆጥራል። የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሣ ልጆቹ ወደ ማን ይሂዱ የሚለው ነገር በሽማግሌዎችና በቤተ ዘመድ መካከል ይመከራል። አንዷን አያት ትወስዳለች፤ አንዱን አጎት ያስጠጋል፤ ታናሺቱ ከአክስቷ ጉያ ትገባለች። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ የተባለው ሥርዓት ከሌላ አብራክ የተከፈለውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ያሳድጋል፤ ቃሉም ከጊዜ ብዛት የአገሪቱ የሕግ ቃል እስከ መሆን ደርሷል። በሌላውም አካባቢ የጡት ልጅ ማድረግ የታወቀ ልማድ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ቤተሰብ በተበተነ ጊዜ፣ በኋላም የኤድስ በሽታ ብዙ ወላጆችን በቀጠፈባቸው ዓመታት፣ ያላቸውን ቆርሰው የሙት ልጆችን ካሳደጉት ወገኖች መካከል አያቶችና አክስቶች ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ።

ይህ ልማድ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ልማዱ ብቻውን በቂ ነውን? የልጁን ደኅንነት በዘመድ ደግነት ላይ ብቻ መጣል ይገባልን? አይገባም። የሟች ዘመዱን ልጅ ለማሳደግ የተነሣ ሰው ይህን ኃላፊነቱን በፍርድ ቤት ማጽናት ይኖርበታል። ይህን የሚያደርገውም ለራሱ ሥልጣን ለማግኘት ሳይሆን፣ ልጁ በሕግ ፊት የሚቆምለት ሰው እንዲኖረው ለማድረግ ነው።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። ባሏ ቀደም ብሎ የሞተባት አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ በድንገተኛ ሕመም አረፈች እንበል። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ፣ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ክዳን ቤትና በባንክ ያጠራቀመችውን ጥቂት ገንዘብ ትታለች። የሟቿ እኅት ልጂቱን እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ከልጆቿ እኩል አበላቻት፤ ከልጆቿም እኩል አለበሰቻት። በዘመድ አዝማዱ ዘንድ ነገሩ በዚህ አለቀ፤ «እግዜር ይስጥልን» ተብላም ተመረቀች።

ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላ ችግሩ በየበኩሉ ብቅ ብቅ ይላል። አክስት የልጂቱን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን ወደ ባንክ ብትሄድ፣ «ገንዘቡን ለማውጣት ማን ወከለሽ?» ትባላለች። ለልጂቱ የሚገባውን የጡረታ አበል ልታስከብር ብትነሣ፣ ሞግዚትነቷን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ትጠየቃለች። የእናቲቱን ቤት የተከራየው ሰው ኪራዩን ለማን እንደሚከፍል ግራ ይገባዋል፤ ወይም ግራ የገባው መስሎ ጭራሹን መክፈሉን ይተወዋል። በዚህ መካከል የአባቷ ወንድም ከሩቅ አገር ይመጣና «የወንድሜ ደም ናት፤ ልጂቱም ቤቱም ወደ እኔ ይመለሱ» ይላል። ሁለቱም ወገን ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ወገን «እኔ እበልጣለሁ» ይላል። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነውና፣ በጭቅጭቁ መካከል የምትጎዳው ያቺው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ልጂቱን አይወዷትም ማለት አይቻልም። የጎደለው ፍቅር አይደለም፤ የጎደለው በሕግ የታወቀ ኃላፊ ነው። በቤት ውስጥ እናት ለመሆን ፍቅር ይበቃ ይሆናል፤ በባንክ መስኮት፣ በመንግሥት ጽሕፈት ቤትና በችሎት ፊት ግን ፍቅር ማኅተም የለውም።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ጠባቂ የሚሆኑ ሰዎች የሚሰየሙበትን ሥርዓት ደንግጎ፣ ለቤተ ዘመድ ጉባኤም ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የቤተ ዘመዱን የቁጥጥር ሥራ ወደ ፍርድ ቤት አዛወረው። ይህ ሕግ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥት ሥር በሚተዳደሩት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

በሕጉ ውስጥ ሁለት ቃላት ተለይተው መታወቅ አለባቸው። እነርሱም «አሳዳሪ» እና «ሞግዚት» የተባሉት ናቸው። በተለምዶ ሞግዚት ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የምትመጣው ሕፃን የምታዝልና የምታጫውት ሴት ናት። በሕግ ቋንቋ ግን ትርጉሙ ከዚህ የተለየ ነው። አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቅ፣ የት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደሚታከም የሚወስን ሰው ነው። ሞግዚት ደግሞ የልጁን ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድርና በዚሁ ጉዳይ ልጁን ወክሎ የሚቆም ሰው ነው። ሁለቱን ኃላፊነቶች አንድ ሰው ደርቦ ሊይዛቸው ይችላል፤ ለሁለት ሰዎችም ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ኃላፊነቱ በመደበኛው ሥርዓት የሚዘልቀው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው።

ይህን ኃላፊነት በመጀመሪያ የሚሸከሙት አባትና እናት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ቢሞት በሕይወት የቀረው ብቻውን ይይዘዋል። ሁለቱም ባይኖሩ፣ ከሁለቱ በኋላ የሞተው ወላጅ በኑዛዜው የመረጠው ሰው ካለ እርሱ ይቀድማል። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ዘመዶችን በቅደም ተከተል ይጠራል። በመጀመሪያ አያቶችና ሌሎች ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም አጎቶችና አክስቶች ይመጣሉ። ከእነዚህ ማንም ባይገኝ ፍርድ ቤት ሌላ ተስማሚ ሰው ይሾማል። ሕጉ አስቀድሞ ዘመድን መጥራቱ የሕዝቡን ልማድ ያልናቀ መሆኑን ያሳያል። ልማዱ «የሙት ልጅ የዘመድ ነው» ይላል፤ ሕጉ በበኩሉ «አዎን፣ ግን ከዘመዶቹ የትኛው ኃላፊ እንደሆነ ይታወቅ» ይላል።

ባንክም ሆነ ማናቸውም ጽሕፈት ቤት የእያንዳንዱን ሰው የዘር ሐረግ ሊመረምር አይችልም። ስለዚህ ልጅ የሚያሳድገው ዘመድ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ማመልከቻውን አቅርቦ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ለዚህም የወላጆቹን ሞት፣ የልጁን ልደትና የአመልካቹን ዝምድና የሚያስረዱ ማስረጃዎችን ያቀርባል። እንደነገሩ ሁኔታ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ይሰማሉ፤ ነፍስ ያወቀ ልጅ ከሆነም የራሱ ሐሳብ ይጠየቃል። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ልደትና ሞት በመላ አገሪቱ በወሳኝ ኩነት መዝገብ መመዝገብ በመጀመራቸው፣ የቤተሰቡን ልደትና ሞት በወቅቱ ያስመዘገበ ሰው ማስረጃ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ያላስመዘገበ ግን በኀዘኑ ላይ ድካም ይጨመርበታል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች አይጠፉም። አንዳንዶች «አያት የልጇን ልጅ ለማሳደግ ምን ወረቀት ያስፈልጋታል? የቤተሰብን ነገር ችሎት ፊት ማቅረብስ ገመናን ወደ ገበያ ማውጣት አይደለምን?» ይላሉ። ይህ አባባል ከመልካም ስሜት የመነጨ ቢሆንም ሚዛን አይደፋም። ይኸው ኅብረተሰብ ዕድሩን በመዝገብ ያስተዳድራል፤ የዕቁቡን ገንዘብ በጸሐፊና በዋስ ያስጠብቃል። ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ምጣዱንና ድስቱን ሳይቀር ቆጥሮ ያስረክባል። ይህን ሲያደርግ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደናቀ ወይም እንደጠረጠረ አይቆጠርም። «የተጻፈ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» የሚለውም ይኸው ሕዝብ ነው። ታዲያ ለድስትና ለወንበር መዝገብ የከፈተ ወገን ለሙት ልጅ መዝገብ ሲከፈት ስለ ምን ያፍራል? ይልቁንም የሚያሳፍረው የልጁ ቤት ተሽጦ ካለቀ በኋላ ዘመድ ከዘመድ ጋር ተካስሶ በችሎት መቆሙ ነው።

ሌሎች ደግሞ የሚያነሡት ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ፍርድ ቤት ሩቅ ነው፤ ቀጠሮው ብዙ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የማትችል አሮጊት ማመልከቻ አስጽፋ፣ ምስክር አሰባስባ፣ የመጓጓዣ ከፍላ እንዴት ትዘልቀዋለች?» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጉዞው ይቅር ከማለት መንገዱ ይጠረግ ማለት ይሻላል። የሙት ልጆች ጉዳይ ቀጠሮው እንዲያጥር፣ ማመልከቻ በነፃ የሚጽፍና የሚመክር ሰው እንዲኖር፣ የቀበሌና የወረዳ ሠራተኞችም ማስረጃውን ሳያመላልሱ እንዲሰጡ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፊደል የቆጠረው ወጣትም ከዚህ ላይ ድርሻ አለው። ለጎረቤቱ አሮጊት ማመልከቻ ማንበብና ማስረዳት፣ የቀጠሮ ቀን ማስታወስ፣ ሰነዶቿን በሥርዓት ማስቀመጥ ከአንድ ተማሪ ዐቅም በላይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን አሳዳሪነትም ሆነ ሞግዚትነት ባለቤትነት አለመሆኑ ነው። ልጅ እንደ መሬት አይወረስም። የዘመድ ቤት ሁሉ የደስታ ቤት እንዳልሆነም ማንም ያውቀዋል። «ላስተምረው» ተብሎ ከገጠር የመጣው የሙት ልጅ ከብት ጠባቂ ወይም ተላላኪ ሆኖ ሲቀር ይታያል። «እንደ ልጄ ናት» የተባለችው ልጅ የቤቱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ እንስራ አዝላ ውኃ ስትቀዳ፣ እነርሱ ሲያጠኑ እርሷ ዕቃ ስታጥብ ትውላለች። ደመወዝ አትጠይቅም፤ ዘመድ ናትና። አትከስም፤ የምትከስበት ቦታ የለምና። እንዲህ ያለው በደል በዘመድ ስም ስለሚሸፈን ከባዕድ በደል ይብሳል።

ንብረትን በሚመለከትም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያለ የሚምል ሁሉ አደራውን አይጠብቅም። ልጁ ሲያድግ የአባቱ ቤት በማን እጅ እንደገባ ቢጠይቅ፣ «ያሳደግሁህ በባዶ ነውን?» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ ለመከላከል ሲል ሞግዚቱን በግዴታ ያስረዋል። ሞግዚት የልጁን ንብረት ዘርዝሮ ማስመዝገብ አለበት። የልጁን ቤት እንደ ግል ሀብቱ አይሸጥም፤ ለእንዲህ ያለው ከባድ ነገር የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስላስተዳደረው ገንዘብ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አደራውን ካጎደለም ከኃላፊነቱ ይሻራል። እንግዲህ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ለዘመድ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ ይልቁንም ዘመድን በአደራው የሚያስጠይቅ ሰነድ ነው። ቅን አሳዳጊ ይህን አይፈራም። ሒሳቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ነገ ከሐሜት የሚድነው በዚሁ ሰነድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። እናት ሞታ ልጁን አክስት ካሳደገችው በኋላ፣ ልጁን ሳያሳድግ የቆየው አባት መጥቶ «ልጄን መልሱልኝ» ቢል ምን ይደረግ? የሕጉ ቃል በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን ኃላፊ ይሆናል ይላል። ይህ መነሻ ትክክል ነው፤ ከወላጅ ይልቅ ለልጁ የሚራራ የለም ተብሎ ይገመታልና። ይሁን እንጂ ግምት ሁልጊዜ ከእውነት ጋር አይገጥምም። መውለድና ማሳደግ በብዙ ቤት አብረው ቢኖሩም አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቀርቦ በ2000 ዓ.ም. ውሳኔ አግኝቷል። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባት ሕፃኑ እንዲሰጠው ክስ አቀረበ፤ የበታች ፍርድ ቤቶችም በሕይወት ያለው ወላጅ እርሱ ነው ሲሉ ፈረዱለት። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን የሕፃኑ ጥቅም ከአክስቱ ጋር መኖር መሆኑን አይቶ ፍርዱን ሻረው። ለዚህም የተመሠረተው በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ላይ ነው። ሁለቱም ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ጥቅም በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ የአንድ ሕፃን ጉዳይ ለብዙ ሕፃናት መከታ ሆነ።

ይህ ውሳኔ አባትነትን ያዋርዳል የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ውሳኔው አባት ሁሉ ልጁን ይነጠቅ አይልም። የሚለው፣ «ልጁ የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው?» የሚለው ይጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠየቀው ስለ ዐዋቂዎች መብት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጠየቀው ስለ ሕፃኑ ሕይወት ነው። ለብዙ ዘመን በቤተ ዘመድ ጉባኤ ሲነሣ የኖረው በአመዛኙ የመጀመሪያው ነበር፤ በአባት ወገንና በእናት ወገን መካከል ልጅ እንደ ድንበር መሬት የተጎተተበት ጊዜም ብዙ ነው። ልጁ ግን አንደበት አለው። የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያጽናናው፣ ማንን እንደሚፈራ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ዕድሜው በፈቀደለት መጠን ቃሉን መስማት ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ወላጆችም ቢሆኑ በሕይወት ሳሉ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ስለ ሞት መናገር ሞትን የሚጠራ የሚመስላቸው ሰዎች ኑዛዜ መጻፍን ይሸሻሉ። ነገር ግን ሞት ሳይጠሩትም ይመጣል። በሕይወቱ ሳለ «ልጄን እገሌ ያሳድግልኝ» ብሎ በሕጋዊ ኑዛዜ ያስቀመጠ ወላጅ ልጁን ከዘመድ ሙግት ያድነዋል። የልደት ማስረጃን በቤት ማኖር፣ ያለውንም ንብረት በግልጽ ማሳወቅ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ ልማድንና ሕግን እንደ ሁለት ባላንጣዎች ማየት ስሕተት ነው። ልማድ በሩን ይከፍታል፤ ሕግ ቤቱን ይጠብቃል። ያለ ዘመድ ርኅራኄ የፍርድ ቤት ወረቀት ልጅን አያጎርስም፤ ሌሊት ሲባንንም አያባብልም። ያለ ሕግ ደግሞ የዘመድ ርኅራኄ አሳዳጊዋ በታመመች፣ በሞተች ወይም ልቧ በተለወጠ ቀን ልጁን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። በምሳሌው የተጠቀሰችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለቱም ያስፈልጓታል፤ የምታቅፋት አክስትም፣ አክስቷን በኃላፊነት የሚያስቆም ሕግም።

ገበያ የሄደችው እናት ሲመሽ ትመለሳለች። የሞተችውን እናት ማንም አይመልሳትም። በእርሷ ቦታ የሚቆም ሰው ግን ሊኖር ይችላል። ያ ሰው የለቅሶው ድንኳን በፈረሰ ማግስት፣ የልጂቱን እጅ በአንድ እጁ፣ ማመልከቻውን በሌላ እጁ ይዞ ወደ ችሎት ቢሄድ፣ አደራውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጠበቅ ጀመረ ማለት ነው።